ትራክተሩ ይቁም፣ ገመዱ ይሂድ

በራዲዮ የተነገረ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጕዳይ ከጽሕፈት ቤት የራቀ ይመስላል። ይኸውም በጫካ ውስጥ የተቈረጠን ግንድ በትራክተር ላይ በተገጠመ ዊንች እየጐተቱ ወደ መንገድ ስለ ማውጣት ነው። ከእናንተ መካከል «እኔ ቀኑን ሙሉ ከወረቀትና ከማኅተም ጋራ የምውል ሰው ነኝ፤ ግንድና ገመድ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ክንዱን ያሳረፈበትን ጠረጴዛ እስቲ ይመልከት። የተቀመጠበት ወንበር፣ ጧት የከፈተው በር፣ ከራሱ በላይ ያለው ማገር፣ ዶሴውን የሚያኖርበት መደርደሪያ ሁሉ ባንድ ወቅት ግንድ ነበሩ። እያንዳንዱም ግንድ ከተቈረጠበት ጉቶ አንሥቶ የጭነት መኪና እስከሚቆምበት መንገድ ድረስ በአንድ ሰው ድካም መውጣት ነበረበት።

ይህች ርቀት አጭር ናት፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ሜትር አትበልጥም። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪናው ግንዱን ብዙ ኪሎ ሜትር ቢወስደው በተጠረገ መንገድ ላይ ነው። ዳሩ ግን ለሚደክመው ጕልበት፣ ለሚፈሰው ላብና ለሚያሠጋው አደጋ ሁሉ ዋናዋ ምንጭ ይህች አጭር ርቀት ናት። የዛሬው ንግግሬ ሁለት ነገር ሊያሳይ ይፈልጋል። አንደኛው፣ ተራ የእርሻ ትራክተር ከዊንች ጋራ ሲገናኝ ይህችን ርቀት እንዴት አድርጎ እንደሚያቀላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህን መኪና ለመግዛት የሚፈርም እጅ በገመዱ ዳር ስለሚቆመው ሰው ሕይወትም አብሮ እንደሚፈርም ነው።

በቀድሞው ዘመን የዚህችን ርቀት ሸክም የተሸከሙት የሰው ትከሻና የከብት ጫንቃ ነበሩ። በሰሜን አውሮፓ ገበሬው በብርዱ ወራት ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ፈረሱን ጠምዶ ግንዱን በበረዶው ላይ እያንሸራተተ ያወጣ ነበር። በሌላው የዓለም ክፍል በሬና በቅሎ፣ በእስያም ዝሆን ይኸንኑ ሥራ ሠርተዋል። እንስሳ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ አፈሩንም ብዙ አይጐዳም። ይሁን እንጂ ኀይሉ የተወሰነ ነው። ግንዱ ሲወፍርና አቀበቱ ሲበረታ ይደክማል፤ ቀኑን ሙሉ የጐተተ ከብትም በማግስቱ ማረፍ አለበት።

ትራክተር በየገበሬው ቤት በገባ ጊዜ ብዙዎች መጀመሪያ ያሰቡት ትራክተሩን እስከ ጉቶው ድረስ ነድተው፣ ግንዱን በሰንሰለት ከኋላው አስረው መጐተት ነበር። ይህ አሳብ ከሩቅ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲሠሩበት ግን ሁለት ጕዳት አለበት። አንደኛው በምድሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ የደን አፈር አብዛኛውን የሚጠቀጠቀው መኪናው ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ሲያልፍበት ነው። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፤ ሥርም እንደ ልብ አይሰድበትም። ጐማው የቈፈረው ቦይ ዝናብ ሲመጣ የጐርፍ መንገድ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ዛፍ የሚያበቅለው አፈርም በዚያው ይታጠባል። ሁለተኛው ጕዳት በነጂው ላይ የሚመጣው ነው። ትራክተር በተዳፋትና በጉቶ መካከል ሲሄድ በቀላሉ ይገለበጣል።

ዊንች የሚባለው መሣሪያ የመጣው ይህን አሳብ ገልብጦ ነው። መኪናው ወደ ግንዱ በመሄድ ፈንታ ባለበት ይቆማል፤ ግንዱ ወደ መኪናው ይመጣል። ወደ ጫካው የሚገባው አንድ ሰውና አንድ ቀጭን የሽቦ ገመድ ብቻ ነው። የዚህ ሥራ ጥበብ ሁሉ በዚህች ባንዲት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ትራክተሩ ይቁም፣ ገመዱ ይሂድ።

ይህ እንዲሆን አስቀድሞ ሁለት ነገሮች በትራክተሩ ላይ መገኘት ነበረባቸው። ዘመናቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን በዚሁ ላሳስብ። የመጀመሪያው፣ የሞተሩን ኀይል ወደ ኋላ አውጥቶ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ ጀምሮ በእርሻ ትራክተሮች ላይ እየተለመደ መጣ፤ ፍጥነቱም በደቂቃ 540 ዙር እንዲሆን ስምምነት ተደርጎበት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሁለተኛው፣ በትራክተሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ክንዶች ናቸው። በአየርላንድ ተወልዶ ያደገው ሃሪ ፈርጉሰን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ደክሞ ያሻሻለው ይህ አሠራር፣ ማረሻም ሆነ ሌላ መሣሪያ በሦስት ነጥብ ላይ ተይዞ በዘይት ግፊት እንዲነሣና እንዲወርድ አደረገ። በስሙ የተጠራችው ትንሿ ግራጫ ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር ስትሠራ ቍጥሯ ከ500 ሺህ በላይ ደረሰ። በዚህም ምክንያት ተራው ገበሬ በአንድ ትራክተር ጧት ሲያርስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማረሻውን አውልቆ ሌላ መሣሪያ መግጠም ቻለ። ከእነዚህም አንዱ የግንድ መጐተቻው ዊንች ሆነ።

የዊንቹ አካል ሲታይ ብዙ የተወሳሰበ አይደለም። ከበሮ የመሰለ የብረት መጠቅለያ አለው፤ በእርሱ ላይ የሽቦ ገመድ ተጠምጥሟል። የገመዱ ውፍረት በተለምዶ ከ8 እስከ 14 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ50 እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። መጠቅለያው ከሞተሩ ዘንግ ጋራ በፍሪሲዮን ይገናኛል፤ ሠራተኛው ሲፈልግ ያዞረዋል፣ ሲፈልግ በፍሬን ያቆመዋል፣ ሲፈልግም ገመዱ በእጅ ተስቦ እንዲወጣ ይፈታዋል። ከበታቹ ወደ መሬት የሚወርድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ አለ። ይህ ሰሌዳ መሬቱን ነክሶ ይይዛል፤ በጕተታው ጊዜ ትራክተሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያግደው እርሱ ነው። ከበላዩ ደግሞ በነጂውና በገመዱ መካከል የሚቆም የሽቦ ወንፊት መከለያ አለ። እነዚህ ዊንቾች እንደ መጠናቸው ከ3 እስከ 10 ቶን በሚደርስ ኀይል ይጐትታሉ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን በተራ እንመልከት። ትራክተሩ በመንገዱ ወይም በተጠረገ መተላለፊያ ላይ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ ከጕተታው መሥመር ጋራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፍሬኑ ይያዛል፤ ሰሌዳው ይወርዳል። አንዱ ሠራተኛ የገመዱን ጫፍ ይዞ ወደ ግንዱ ይሄዳል፤ በግንዱ ራስ አጠገብም የሰንሰለት ሸምቀቆ አጥልቆ ከገመዱ ጋራ ያያይዛል። ከዚያም ከገመዱ መሥመር ወደ ጐን ፈቀቅ ብሎ፣ ግንዱንም ትራክተሩንም በሚያይበት ቦታ ይቆማል። እርሱ ምልክት ሲሰጥ ዊንቹ መጠምጠም ይጀምራል። ግንዱ ጉቶ ወይም ድንጋይ ቢይዘው ወዲያው ይቆማል፤ ገመዱ ላላ ተብሎ ሸምቀቆው በሌላ ወገን ይታሰራል እንጂ «ትንሽ ጨምርበት» አይባልም። ግንዱ ከትራክተሩ ሥር ሲደርስ ሰንሰለቱ በሰሌዳው ጥርስ ላይ ይሰካል፤ ሦስቱ ክንዶች የግንዱን ራስ ከመሬት ያነሡታል፤ ትራክተሩም በመንገዱ ላይ ይዞት ይሄዳል።

ጠንቃቃ የደን ሠራተኛ ሥራውን የሚጀምረው ግን ገና ዛፉን ሳይቈርጥ ነው። ዛፎቹ በየፊናቸው ከወደቁ ግንዱ ሲጐተት እየዞረ የቆሙትን ዛፎች ልጣጭ ይገፍፋል፤ የተገፈፈው ዛፍም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዛፉን ከመተላለፊያው ጋራ አጋድሞ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ባዘነበለ አቅጣጫ ይጥለዋል። ከተቻለም ትራክተሩን ከላይ፣ ግንዱን ከታች አድርጎ ሽቅብ ይጐትታል፤ ቍልቍል የሚመጣ ግንድ ገመዱን ቀድሞ በትራክተሩና በሰዎቹ ላይ ሊንከባለል ይችላልና።

ቍጥር የሚወድድ አንባቢ ካለ ጥቂት እናስላ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ የወገቡ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 0.42 ሜትር ኩብ ያህል ነው። አዲስ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 1 ቶን ስለሚመዝን፣ ይህ አንድ ግንድ ከ400 ኪሎ በላይ ይሆናል ማለት ነው። አራት ብርቱ ሰዎች ሊያነሡት ቢሞክሩ ለእያንዳንዳቸው ከ100 ኪሎ በላይ ይደርሳቸዋል። ገመዱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚጠመጠም ቢሆን ግን፣ ዊንቹ ይህንኑ ግንድ ከ60 ሜትር ርቀት በ2 ደቂቃ ውስጥ ያመጣዋል። ለአራቱ ሰዎች የወገብ ሕመም የነበረው ለሞተሩ ቀላል ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ስሌት ጀርባ ሻጭ ብዙ ጊዜ የማይናገረው ሌላ ስሌት አለ። በዊንቹ ላይ «5 ቶን» ተብሎ የተጻፈው ኀይል ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጠቅለያው ባዶ ሊሆን ሲል፣ በመጀመሪያው የገመድ ዙር ላይ ነው። ገመዱ በላይ በላዩ በተጠመጠመ መጠን የመጠቅለያው ዙሪያ ይሰፋል፤ ኀይሉም ይቀንሳል። ለምሳሌ ከመኻል እስከ ገመዱ ያለው ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር የነበረው 12 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 5 ቶን የነበረው ኀይል 2 ቶን ተኩል ይሆናል። የገመዱም ነገር እንዲሁ ነው። 5 ቶን የሚጐትት ዊንች፣ ሳይበጠስ ቢያንስ 10 ቶን የሚችል ገመድ ሊኖረው ይገባል። ገመዱ ከዚህ ከቀጠነ ዊንቹ በገዛ ኀይሉ ገመዱን ሊበጥሰው ይችላል።

መዘውርም ሌላው ረዳት ነው። መዘውር በግንዱ ላይ ታስሮ ገመዱ በእርሱ ዞሮ ወደ ትራክተሩ ቢመለስ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የመጐተቻው ኀይል ግን እጥፍ ይሆናል። መዘውሩ በቆመ ዛፍ ላይ ቢታሰር ደግሞ የጕተታው አቅጣጫ ይለወጣል፤ ትራክተሩም ጠማማ ቦታ መግባት አያስፈልገውም። ነገር ግን ገመዱ በመዘውሩ ዙሪያ ታጥፎ ሲመለስ፣ መዘውሩን የያዘው ማሰሪያና ዛፍ የሚሸከሙት ኀይል እስከ እጥፍ ይደርሳል። ማሰሪያው ቢለቅ ገመዱና መዘውሩ የሚወረወሩት ወደ እጥፋቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ በእጥፋቱ ውስጥ ማንም ሰው ለአንድ አፍታ እንኳ መቆም የለበትም።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት ትንሽ አገር ልጥቀስ። ስሎቬንያ በመካከለኛው አውሮፓ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ያለች አገር ናት። ከምድሯ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደን ነው፤ ከደኑም አብዛኛው የግለሰቦች ንብረት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ይዞታዎች ትናንሽ ናቸው። ደንን ባንድ ጊዜ ጠርጎ መቍረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚቈረጠውን ዛፍ የደን ባለሙያ ከባለቤቱ ጋራ ሆኖ አንድ ባንድ መርጦ ምልክት ያደርግበታል። እንግዲህ የሚቈረጡት ዛፎች አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ተበታትነው በተዳፋት ላይ ይገኛሉ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ከእርሻ ትራክተርና ከዊንች የተሻለ ጥቂት መሣሪያ ነው ያለው። ስለዚህም ዊንቹ በዚያ አገር የብዙ ገበሬዎች የዕለት መሣሪያ ሆኗል፤ አገሪቱም ዊንች እየሠራች ለሌሎች የምትሸጥ ሆናለች።

በ2014 በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ በዚህች አገር ላይ ያልተለመደ መከራ ወረደ። ሲዘንብ የነበረው ዝናብ በየቅርንጫፉ ላይ እየረጋ በረዶ ሆነ፤ ዛፎቹም የበረዶውን ክብደት መሸከም አቅቷቸው ተሰበሩ፣ ጐበጡ፣ ከነሥራቸው ተነቀሉ። የተጐዳው እንጨት ከ9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሆነ። አደጋው በዚህ አላበቃም። የወደቀና የተሰበረ ጥድ በጊዜው ካልወጣ ልጣጭ የሚበሉ ጥንዚዛዎች ይራቡበታል፤ ከሞተውም ወደ ቆመው ይተላለፋሉ። በእርግጥም በሚከተሉት ዓመታት የጥንዚዛው ጥፋት በረታ። ስለዚህ ባለ ደኑ ሁሉ ትራክተሩን አስነሥቶ፣ ዊንቹን ገጥሞ ወደ ጫካው ወጣ።

ከዚህ ላይ ትምህርቱ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል በየመንደሩ አስቀድሞ የነበረው መሣሪያ አገሪቱን ጠቀማት፤ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ታላቅ መኪና እስኪደርስ መጠበቅ አላስፈለገውም። በሌላው በኩል ግን በበረዶ ጐብጦ እንደ ቀስት የተወጠረ ዛፍ ሲቈረጥ በድንገት ይፈናጠራል፤ ተደራርቦ የወደቀውም ሲጐተት ሌላውን ያንከባልላል። በዚያ አገር በደን ሥራ ላይ የሚደርሰው ከባድ አደጋ ይበልጥ የሚታየው በተማሩት ሠራተኞች ላይ ሳይሆን፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በገዛ ደናቸው ውስጥ በሚሠሩት ገበሬዎች ላይ ነው። የደን መሥሪያ ቤቱም ለባለ ደኖች የመጋዝና የትራክተር ትምህርት የሚሰጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ትራክተሩም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ መማርና አለመማር ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል ቢባል መልሱ አጭር ነው። የተወጠረ የሽቦ ገመድ በውስጡ ኀይል ያከማቻል፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። ስለዚህ ማንም ሰው በገመዱ መሥመር ላይ አይቁም፤ በሚንቀሳቀስ ገመድ ላይ አይራመድ፤ በሚጐተት ግንድ ላይ አይቀመጥ። የገመዱ ክር ሲበጣጠስ እንደ መርፌ ይወጋልና ያለ ጓንት አይያዝ። በትራክተሩ ጀርባ የሚዞረው ዘንግ መሸፈኛው ከወለቀ፣ የተንዘረፈፈ ነጠላ ወይም ያልተቈለፈ ካፖርት ጫፍ ይዞ ሰውን ወደ ራሱ ይጠመጥማል። ጕተታው ከከፍተኛ ቦታ ላይ ከሆነ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሣል፤ ወደ ጐን ከሆነ ደግሞ ትራክተሩ በጐኑ ይወድቃል። ስዊድን በ1959 አዳዲስ ትራክተሮች ሁሉ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድን የብረት ከለላ እንዲኖራቸው በሕግ ባዘዘች ጊዜ፣ ከመገልበጥ የሚመጣው ሞት ቀስ በቀስ እጅግ ቀነሰ። ያን ለውጥ ያመጣው የሞተር መበርታት አይደለም፤ አንድ ድንጋጌና አራት ማዕዘን ብረት ነው።

ዛሬ ሥራውን የሚያቀሉ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ተጨምረዋል። አንዱ በራዲዮ ሞገድ የሚሠራ መቈጣጠሪያ ነው። ሠራተኛው በወገቡ በታጠቀው ትንሽ ሣጥን ዊንቹን ከሩቅ ያዝዘዋል፤ ከግንዱ ጐን በደኅና ርቀት ላይ ሆኖ እያየ ያቆመዋል። ሁለተኛው ከብርቱ ሰው ሠራሽ ክር የተጐነጐነ ገመድ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ 100 ሜትር የሽቦ ገመድ ወደ 40 ኪሎ ሲመዝን፣ ይህኛው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ብቻ ነው። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀኑን ሙሉ አቀበት ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ታላቅ እረፍት ነው። ይሁን እንጂ ስለታም ድንጋይና ሙቀት በቶሎ ይጐዱታል፤ ዋጋውም ከሽቦው ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ወደ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ልመለስ። በአገራችን ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ለቤት መሥሪያ፣ ለአጣና፣ ለማገዶ ሆኖ ኑሯችንን ተሸክሟል። ሸክሙን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው የሰው ትከሻና የአህያ ጀርባ ነው። ከእንጦጦ ቍልቍል ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እነዚህን ሁሉ አንድ ዊንች ያሳርፋቸዋል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ደን ተክሎ የሚሸጥ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ይህን መሣሪያ ለመግዛት ማመልከቻ ባቀረበ ጊዜ፣ ወረቀቱ የሚደርሰው ከእናንተ ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በዚያ ወረቀት ላይ ትራክተርና ዊንች በትልቁ ይጻፋሉ። ከእነርሱ በታች ትናንሽ መሥመሮች ይኖራሉ። መለዋወጫ ገመድ፣ የሰንሰለት ሸምቀቆ፣ መዘውር፣ ጓንት፣ የራስ ቆብ፣ የዘንግ መሸፈኛ፣ የሠራተኞች ትምህርት። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው፤ ዋጋቸው አነስተኛ ስለ ሆነ አስፈላጊነታቸውም አነስተኛ መስሎ ይታያልና። እኔ የምለምናችሁ ቀይ እርሳሳችሁ ከእነዚህ መሥመሮች ላይ ሲደርስ ለአፍታ እንዲቆም ነው። መለዋወጫ ገመድ የሌለው ሠራተኛ የተበላውን ገመድ ቋጥሮ ይሠራበታል፤ ቋጠሮውም አንድ ቀን ይለቃል። ትምህርቱ የተሰረዘበት ሠራተኛ ሥራውን የሚማረው ከአደጋው ነው፤ አደጋም ለተማሪው ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ አስተማሪ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ይህ ዊንች የሚጐትተው ኀይል በባዶ መጠቅለያ ላይ ስንት ነው፣ በሞላውስ ስንት ነው? ገመዱ የዚያን ኀይል እጥፍ ይችላልን? የትራክተሩ ክብደት ከዊንቹ ጋራ ይመጣጠናልን፤ የነጂው ከለላስ አለውን? በዚያ አካባቢ ትራክተሩ የሚቆምበት መንገድ ወይም መተላለፊያ ተጠርጓልን? ገመዱን የሚይዙት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ማንስ ያስተምራቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ሥራውን አክብሮ ማንበብ ይበቃል።

ፍርዱ ሁልጊዜ ለዊንቹ ይሁን አልልም። ምድሩ ሜዳ፣ እንጨቱም ብዙ በሆነበት ቦታ ግንዱን በራሱ ክንድ አንሥቶ በጀርባው የሚጭን መኪና ይፈጥናል። ገደሉ ትራክተር በማይጠጋበት ቦታ ደግሞ ግንዱን በአየር ላይ የሚያሳልፍ የተዘረጋ ገመድ ያስፈልጋል። ቀጫጭን አጣና ለሚያወጣ ሰው ደግሞ አንድ አህያ ወይም አንድ በሬ ይበቃው ይሆናል። ዊንቹ የሚሻለው በእነዚህ መካከል ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ነው፤ ዛፉ በተበታተነበት፣ ምድሩ ባዘነበለበት፣ ትራክተሩም የእርሻው ወራት አልፎ ሥራ በፈታበት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ይህን ያሉት የራስ ጥምጥምን አስበው ነው፤ ነገር ግን ለሽቦ ገመድም ያው ቃል ሳይቀነስ ይሠራል። ትራክተሩ ባለበት ይቁም፤ ገመዱ ይሂድ፤ ግንዱም ይምጣ። ገመዱን ይዞ ወደ ጫካ የገባው ሰው ደግሞ ማታ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለስ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከዊንቹ ጋራ በሣጥን ታሽጎ አይመጣም፤ ጥንቃቄን ካወቁ ሠራተኞችና ትናንሾቹን መሥመሮች ካልሰረዙ ጸሐፊዎች የሚገኝ ነው።